«ቀጥይ» ሲሉኝ

«ፓወርፖይንት ትችያለሽ?»

ለሥራ ቃለ መጠይቅ በገባሁበት ቢሮ፣ በኋላ አለቃዬ የሆኑት ሰውዬ የመጨረሻ ጥያቄያቸው ይሄ ነበር። እኔም ያቺን እኛ አገር ሁሉም ሰው የሚያውቃትን ትንፋሽ ወደ ውስጥ ሳብኳት። አፍ ከፈት፣ አየር ወደ ውስጥ፣ ቅንድብ ወደ ላይ። አዎ ማለት ናት፤ ግን ቃል አይደለችም። ኋላ ነገር ቢመጣ «አዎ አላልኩም» ብሎ መከራከር ይቻላል። እሳቸው ግን ወረቀታቸው ላይ አዎ ብለው ጻፉ።

አልችልም ነበር።

«ዲግሪ ይዘሽ?» እንዳትሉኝ። እሱን ያለችኝ አንዲት ልጅ ትበቃኛለች፣ ወደ እሷ እመጣለሁ። ዩኒቨርሲቲ እያለን የቡድን ሥራ ሲሰጠን ማሳ ወርጄ ቅጠል የምቆጥረው እኔ፣ ቁጭ ብዬ የምጽፈው እኔ፣ ስላይዱን የሚሠሩት ወንዶቹ ነበሩ። «አንቺ ጽሑፉን ላኪልን፣ እኛ እናሳምረዋለን» ይሉኛል። አሳምረው፣ ሸሚዝ ለብሰው፣ ቆመው ያቀርቡታል። ጥያቄ ሲመጣባቸው ዞር ብለው እኔን ያያሉ፤ ከተቀመጥኩበት በሹክሹክታ እነግራቸዋለሁ፤ ጭብጨባው የነሱ ነው። የመመረቂያ ጽሑፌ ጊዜ ደግሞ እንደ ግማሹ የክፍሌ ልጅ ግቢው በር ላይ ያለ ኮምፒውተር ቤት ወስጄ አሠራሁት። እኔ የማውቀው ሽንኩርት ነው። ዕፅዋት ሳይንስ ነው የተማርኩት። ሽንኩርት ሲደርስ ቅጠሉ መቼ እንደሚተኛ ጠይቁኝ፣ ቀኑን ሙሉ እነግራችኋለሁ። ያን ቀን ግን ማንም ስለ ሽንኩርት አልጠየቀኝም።

ቢሮው አዳማ ውስጥ አንድ ፎቅ ላይ ያለች ሦስት ክፍል ናት፤ ከሽንኩርት አምራቾች ጋር የምትሠራ ትንሽ ድርጅት። ገና ወንበሬን ሳላሞቅ አለቃዬ ጠሩኝ።

«ዓለም ጤና ትሄጃለሽ። ገበሬዎቹን አነጋግሪ። ሽንኩርቱ ከተነቀለ በኋላ ለምን እንደሚበሰብስ አጣርተሽ፣ በፓወርፖይንት አዘጋጅተሽ ታመጪልኛለሽ፤ አዳራሽ ውስጥ ሰው ፊት ይቀርባል።»

«እሺ ጋሼ» አልኩ። ሽንኩርቱ ደስ አለኝ፤ ፓወርፖይንቱን ለነገ አልኩት።

በሞጆ በኩል ወረድን። ቆቃ ላይ ልጆቹ ዓሣ በመኪናው መስኮት ልክ እያንጠለጠሉ፣ ሹፌሩ «ስንመለስ! ስንመለስ!» እያለ አለፍናቸው። ዓለም ጤና ስደርስ ከሁሉም በላይ ያነጋገሩኝ አንድ ሴትዮ ናቸው። የራሳቸው የውኃ ፓምፕ አላቸው፣ ድምፃቸው ከፓምፑ ይበልጣል። አካባቢው ሁሉ «አዴ» ነው የሚላቸው፤ በኦሮምኛ ለተከበረች ሴት የሚባል ነው። እኔም አዴ አልኳቸው። የተነቀለው ሽንኩርት ክምር ጫፍ ላይ ቁጢጥ ብለው አንድ ሽንኩርት አነሱና አንገቱን በአውራ ጣታቸው ጫን አደረጉት። ጣታቸው ገባ። ሽታው እስካሁን አፍንጫዬ ውስጥ አለ።

«ይሄ ለምን ሆነ መሰለሽ?» አሉኝ። «ሊነቀል ሦስት ቀን ሲቀረው ደላላው ይመጣል። አጠጡት ይለናል። ውኃ ሲጠጣ ከበድ ይላል አይደል? እኛም ከበደልን ብለን ደስ ይለናል፣ ምን ልደብቅሽ። እንለቅበታለን። እንነቅለዋለን። ከዚያ መኪናው ዛሬ ይመጣል፣ ነገ ይመጣል፣ አይመጣም። ውኃው ለሚዛኑ ነው፤ ግማቱ ለኛ ነው።»

እስክሪብቶዬ ቆመ። አራት ዓመት የተማርኩትን ሴትዮዋ በአንድ ትንፋሽ ጨረሱት። ከመንቀል በፊት ውኃ ማቆም የሚል ሙሉ ምዕራፍ አንብቤያለሁ፤ ለምን እንደማይቆም ግን የትም አልተጻፈም ነበር።

«ይሄን ልጽፈው እችላለሁ?» አልኳቸው።

«የኔን ቃል?»

«እንዳለ። አዳራሽ ውስጥ፣ ሰው ሁሉ ፊት ነው የሚቀርበው።»

ሳቅ አሉ። «ብዙ ተማሪ መጥቶ ጽፎ ሄዷል። አንቺ ደግሞ ሂጂ፣ እንሰማለን።»

እጃቸውን ከነሽንኩርቱ በስልኬ ፎቶ አነሳሁ። እንሰማለን ያሉትን ልብ በሉልኝ፤ እኔ ያኔ ልብ አላልኩትም።

አዳማ ተመልሼ የቢሮውን ላፕቶፕ ከፈትኩ። ፓወርፖይንቱን ተጫንኩት። ነጭ ሳጥን መጣ፤ ርዕስ ለመጻፍ እዚህ ተጫኚ ይላል። ተጫንኩ። ከዚያ ምን እንደማደርግ ጠፋኝ። አንድ ሰዓት ሙሉ ርዕሱን አንዴ ወደ ግራ አንዴ ወደ ቀኝ ስገፋ ቆየሁና ላፕቶፑን በብብቴ አድርጌ ወጣሁ።

ፍራንኮ አካባቢ አንዲት ፎቶኮፒ ቤት አለች። በዚያ ሙቀት ቬንትሌተሩ ሲዞር ወረቀቱ ሁሉ እንዳይበር ድንጋይ ድንጋይ ተጭኖበታል። ውስጥ የምትሠራው ልጅ እኩያዬ ናት። ኪቦርዱን ሳታይ ትጽፋለች፣ እየጻፈች ከደንበኛ ጋር ትጨቃጨቃለች፣ አንድ ፊደል አትስትም።

«ምን ነበር?» አለችኝ ቀና ሳትል።

«ፓወርፖይንት።»

«ጽሑፉን አምጪ፣ ከሰዓት ነይ ውሰጂ።»

«አይ፣ እንድትሠሪልኝ አይደለም። መማር ነው የፈለግኩት።»

አሁን ቀና አለች። «አልተመረቅሽም እንዴ?»

«ዲግሪ አለኝ።»

«ዲግሪ ይዘሽ?!» ብላ ሳቀች። ወረፋ የሚጠብቁት ሰዎችም ዞረው አዩኝ። «እኔ እዚህ ቁጭ ብዬ የስንቱን ዲግሪ እንደሠራሁ ብታዪ! ጋውኑን እኔን ነበር ማልበስ የነበረባቸው።»

ሌላ ቀን ቢሆን ትቻት እወጣ ነበር። ግን ልክ ነበረች። ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ። ቆይቶ እንደነገረችኝ አሥራ ሁለተኛ ክፍልን በግል ተፈታኝነት ድጋሚ ልትፈተን ነው፤ ባዮሎጂ አናቷን አዙሯታል። ተስማማን። እሷ ስላይድ፣ እኔ ባዮሎጂ። ምሳ ሰዓት ላይ ደንበኛ ሲቀንስ ነው የምንማማረው።

በመጀመሪያው ቀን የሪፖርቴን ሁለት ገጽ ገልብጬ አንድ ስላይድ ላይ ደፋሁት። አልገባ ሲል ፊደሉን አሳነስኩት። አሁንም አልገባ ሲል አሁንም አሳነስኩት። ገባ። ኮራሁ።

ቀረብ ብላ አየችው። ዓይኗን ጨፈን አደረገች። «ይሄ ስላይድ ነው ወይስ ማመልከቻ?»

«ሁሉም አስፈላጊ ነው እኮ።»

«ሁሉም አስፈላጊ ከሆነ በፎቶኮፒ አባዢና በትኚላቸው፣ እኔም ሥራ አገኛለሁ። አንድ ስላይድ፣ አንድ ነገር። የቀረውን በአፍሽ ተናገሪው። አፍ የለሽም? አለሽ፣ ከገባሽ ጀምሮ እየሰማሁት ነው።»

በሁለተኛው ቀን ፊደል የሚያንቀሳቅሰውን ነገር አገኘሁት። አቤት! ሽንኩርት የሚለው ቃል ከላይ እየተሽከረከረ ይወርዳል፤ ውኃ የሚለው ከግራ ይንሸራተታል፤ ፎቶው እንደ መጋረጃ ይከፈታል። አንድ ሙሉ ምሳ ሰዓት በዚህ አለፈ። ሳሳያት እጇን አጣጥፋ እስከ መጨረሻው አየችውና፣

«ሙሽራዋ የታለች?» አለችኝ።

«የምን ሙሽራ?»

«የሠርግ ቪዲዮ አይደል እንዴ? ልብ ብቻ ነው የቀረው። ልብ ጨምሪበትና ሚዜዎቹን አስገቢ።»

አጠፋሁት። እልህ ይዞኝ ሁሉንም አጠፋሁት። በሦስተኛው ቀን አንድ ፎቶ ብቻ አደረግኩ፤ የአዴ እጅ፣ ጣታቸው ሽንኩርቱ ውስጥ ገብቶ። ከሥሩ አንድ ዓረፍተ ነገር፤ «ውኃው ለሚዛኑ ነው፤ ግማቱ ለኛ ነው።» ሌላ ምንም። ልጅቷ አየችው። የሚጠራት ደንበኛ ነበር፣ አልሰማችውም።

«ይሄ…» አለች፣ «ይሄ ስላይድ ነው።»

በሕይወቴ ከተሰጠኝ ማዕረግ ሁሉ እሱ ይበልጥብኛል።

አማርኛውን የጻፍኩት እሷ በለመደችው የድሮ ፎንት ነው፤ የቢሮው ላፕቶፕ ላይ እሷው ጫነችልኝ። ስወጣ ከኋላዬ፣ «ስሚ! ይሄ ፎንት የሌለበት ኮምፒውተር ላይ ብትከፍቺው ጉድ ነው የምታዪው። ፎንቱንም በፍላሽ አብረሽ ያዢ፣ ሰማሽ?» አለችኝ። «እሺ እሺ እሺ» አልኩ። ሦስት ጊዜ እሺ ያለ ሰው አልሰማም ማለት ነው። ባጃጅ እየለመንኩ ነበር።

አለቃዬ ሥራውን አዩና በጣም ወደዱት። የጨመሩት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ መጨረሻው ላይ «አመሰግናለሁ» የሚል ጽሑፍና ቀይ ጽጌረዳ። «ያለ ጽጌረዳ ስላይድ አይዘጋም» አሉኝ። ይሁን አልኩ። ዓለም ጤና ላይ ለገበሬዎቹ ሊቀርብ ቀን ተቆረጠ። እኔ እቤቴ መስታወት ፊት ቆሜ ስለማመድ ሰነበትኩ። ማን ያቀርበዋል ብዬ አልጠየቅኩም። የሠራ ያቀርባል ብዬ ነዋ!

በቀኑ የቀበሌው አዳራሽ ግድግዳ ላይ አንሶላ ተወጥሯል። አንድ ሽማግሌ ተነስተው በኦሮምኛ መረቁ፤ «ሃ ተኡ፣ ሃ ተኡ»፣ ይሁን ይሁን፣ እያልን ተቀበልን። ልነሳ ስል አለቃዬ ኮታቸውን ቆለፉና ጎንበስ ብለው፣ «አንቺ ቁልፏን ያዢልኝ» አሉኝ። ወደ ፊት ወጡ። እኔ ላፕቶፑን ጉልበቴ ላይ አድርጌ ጥግ ቀረሁ።

አነበቡት። ፊታቸውን ወደ አንሶላው፣ ጀርባቸውን ወደ ሰው አዙረው ቃል በቃል አነበቡት። አንብበው ሲጨርሱ ዞር ሳይሉ «ቀጥይ» ይላሉ። እጫናለሁ። ያነባሉ። «ቀጥይ።» እጫናለሁ። ክፉ ሰው እንዳይመስሏችሁ። ሰው ሲታመም ቀድመው የሚጠይቁ፣ ለጽዳት ሠራተኛዋም ወንበር የሚለቁ ሰው ናቸው። ግን ያን ቀን ጆሮዬ የሚሰማው ቀጥይ፣ ቀጥይ፣ ቀጥይ ብቻ ነበር። ጣቴ ብቻ ነበር የተቀጠረው።

የአዴ እጅ መጣ። አዳራሹ ውስጥ ማጉረምረም ተነሳ፤ ሰው እጁን ያውቃል። አዴ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ቀና ብለው ተቀመጡ። አለቃዬ አፋቸውን ከፈቱ። ዓረፍተ ነገሩን በዓይናቸው አነበቡት። ቀና ሲሉ በሩ ጋ ቆመው የነበሩትን ሁለት ደላሎች አዩ። ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ቀጥይ» አሉ።

ተጫንኩት። እሱን ነው ለራሴ ይቅር የማልለው። ሳላስብ ተጫንኩት። ጣቴ ለምዷል።

ሲያልቅ ከፊት ከተቀመጡት አንዱ፣ «ያምራል፤ ማነው የሠራው?» ብለው ጠየቁ። አለቃዬ ፈገግ ብለው፣ «ቢሮው ነው የሠራው» አሉ። ጽጌረዳው ከኋላቸው ቀይ ሆኖ ቆሟል።

ውጪ አዴ ክንዴን ያዝ አደረጉኝ።

«የኔን ነገር መቼ ነው የምትሉት እያልኩ ጠበቅኩ» አሉኝ።

«ስላይዱ ላይ ነበር እኮ አዴ! ከእጅዎ ሥር፣ እንዳሉት፣ አንድ ቃል ሳይጎድል።»

«እኔ ማንበብ አልችልም፣ ልጄ። ጆሮ ነው ያለኝ።»

አልተቆጡም። ነጠላቸውን አስተካክለው ሄዱ። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

መኪና ውስጥ ቆቃ እስክንደርስ አልቻልኩም። «ጋሼ፣ ያቺን ዓረፍተ ነገር ለምን ዘለሏት?»

«ደላሎቹ ቆመው አላየሽም? ነገ ምርቱን የሚያነሳው ማነው? ለነገሩ አዳማ ላይ ለእንግዶች ደግመን ለምናቀርብበት ስብሰባ አውጫት። ፎቶው ይቆይ፣ ጥሩ ፎቶ ነው።»

«እውነት ናት እኮ።»

«እውነት ሁሉ ስላይድ ላይ አይወጣም።»

«እንግዲያው የአዳማውን እኔ ላቅርበው።»

ሹፌሩ በመስታወቱ አየኝ። አለቃዬ ረጋ ብለው፣ «የሙከራ ጊዜሽን ሳትጨርሺ? አንቺ ቁልፏን ያዢ፣ በርትተሽ ያዢ፤ ሌላው በጊዜው ይመጣል» አሉኝ። ቋሚ የሚያደርገኝ ፎርም እሳቸው ናቸው የሚፈርሙት። ሁለታችንም እናውቃለን። ወደ መስኮቱ ዞርኩ። ዓሣ ሻጮቹ ሮጠው መጡ፤ ሹፌሩ «ስንመለስ!» አላቸው፤ እየተመለስን እያለ።

ዓረፍተ ነገሩን አወጣሁ። አዎ፣ አወጣሁት። ከፎቶው ሥር ባዶ ቦታ ቀረ፤ ስከፍተው ሁሌ ዓይኔ እዚያ ባዶ ላይ ያርፋል። ፎቶኮፒ ቤት ሄጄ ለልጅቷ ስነግራት ባዮሎጂ ደብተሯን ከደነችው።

«ቆይ፣ ሴትዮዋ ካላነበቡ፣ ሰውዬውም ካላነበቡላቸው፣ አንቺ ምን ልትሠሪ ነበር እዚያ የተቀመጥሽው?»

«ቁልፍ ልጫን።»

«እሱንማ ድመቴም ትችላለች።»

የአዳማው ስብሰባ አንድ ሆቴል አዳራሽ ውስጥ ነበር። ከከተማው ቢሮዎች የመጡ እንግዶች፣ ከየወረዳው የተጋበዙ ገበሬዎች፤ አዴም መጥተዋል፣ በሩ አጠገብ ተቀምጠዋል። የሆቴሉ ላፕቶፕ ከፕሮጀክተሩ ጋር ተገናኝቶ ጠበቀን፤ ፍላሼን ሰክቼ አጠገቡ ተቀመጥኩ። መርሐ ግብሩ ስለዘገየ ሳልሞክረው አለቃዬ ወጡ። ተከፈተ።

ግድግዳው ላይ ኮፍያ ያደረገ የፈረንጅ ፊደል፣ የጥያቄ ምልክት፣ ቅንፍ፣ የዶላር ምልክት ተደርድሮ ወጣ። አንድም የአማርኛ ፊደል የለም። ፎንቱ። ፎንቱን አልያዝኩም። እሺ እሺ እሺ።

ከዚያ ከኋላ አንዱ፣ «ቁቤ ነው እንዴ?» አለ።

«ኧረ ቁቤም አይደለም! እኔ ቁቤ አነባለሁ!» አሉት አንድ ሽማግሌ፤ አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ።

አለቃዬ አላባቸው። «ይቅርታ፣ ትንሽ የቴክኒክ ችግር ነው። የሠራችው ልጅ ገና አዲስ ናት» አሉ።

ሰማችሁ? ሲያምር ቢሮው ነው የሠራው። ሲበላሽ ልጅቷ።

«ቀጥይ» አሉ። ቀጣዩ ይሻላል ብለው ነው። ተጫንኩ። ኮፍያ፣ ቅንፍ፣ ዶላር። «ቀጥይ።» ያው ነው። «ቀጥይ፣ ቀጥይ።» እንዲህ እየተባባልን ጽጌረዳው ጋ ደርሰን ልናመሰግን ነው ብዬ አሰብኩ። ያኔ የአዴ እጅ መጣ።

ፎቶ ፎንት አይፈልግም። ግድግዳውን ሞልቶ ቆመ፤ አውራ ጣት፣ ጭቃ የያዘ ጥፍር፣ የበሰበሰ አንገት። አዳራሹ ውስጥ የሚነበብ ነገር ያለው እሱ ብቻ ነበር።

«ቀጥይ» አሉ።

አልተጫንኩም።

«ቀጥይ እንጂ።»

በሩ ጋ አዴን አየኋቸው። የገባኝ ያኔ ነው። ዛሬ ኮት የለበሰውም፣ ከከተማ የመጣውም፣ ሁሉም እንደሳቸው ሆኗል። ማንም ማንበብ አይችልም። አዳራሹ ሙሉ ጆሮ ብቻ ነው ያለው።

እጄን ከቁልፉ አንስቼ ተነሳሁ። ጀግና ነበርኩ አልላችሁም።

«የሠራሁት እኔ ነኝ» አልኩ። «የተበላሸውም በኔ ነው። ፎንቱን አብረሽ ያዢ ተብዬ አልያዝኩም። ውስጡ ያለውን ግን በቃሌ አውቀዋለሁ፤ ማሳው ላይ ቆሜ ነው የሰማሁት። ጋሼ፣ ከፈቀዱልኝ…» አልኩና ፈቃዱን ሳልጠብቅ ወደ ፊት ወጣሁ። እሳቸው ግራ ተጋብተው ቆዩና እኔ የተነሳሁበት ወንበር ላይ ተቀመጡ። ሌላ ባዶ ወንበር አልነበረም።

ተናገርኩ። ቅጠሉ ሳይተኛ ለምን እንደሚነቀል፣ ውኃው መቼ መቆም እንዳለበት፣ ጥላ ሥር ሳይደርቅ የተከመረው ምን እንደሚሆን። መጀመሪያ ድምፄ ቀጥኖ ነበር፤ ሽንኩርቱ ውስጥ ስገባ ተስተካከለ። ከእንግዶቹ አንዱ ስለ ዘሩ ዓይነት አንድ ነገር ጠየቁኝ። «አላውቅም፣ አጣርቼ እነግርዎታለሁ» አልኩ። ሰማይ አልወደቀም።

ከዚያ እጁን አሳየሁ።

«ይሄ እጅ ያላቸው ሴት እዚህ ናቸው» አልኩ። «እዚህ ፎቶ ሥር የሳቸው ቃል ነበረ። አውጪው ተባልኩና አወጣሁት። አሁን ከሳቸው ብትሰሙት ነው የሚሻለው።» ወደ በሩ ዞርኩ። «አዴ፣ ይቀጥሉ።»

አዴ አልተሽኮረመሙም። ባሉበት ተነሱና ዓለም ጤና ክምሩ አጠገብ እንዳሉት አሉት፤ ስለ ደላላው፣ ስለ ሦስቱ ቀን፣ እኛም ከበደልን ብለን ደስ ይለናል ስላሉት፣ ስላልመጣው መኪና። ማይክ አላስፈለጋቸውም። «ውኃው ለሚዛኑ ነው፤ ግማቱ ለኛ ነው!» ሲሉ ከገበሬዎቹ በኩል «ዱጋ! ዱጋ!» የሚል ድምፅ ተነሳ፤ እውነት ነው ማለታቸው ነው። አንድ ነጋዴ ቆጣ ብለው፣ «ሁሉም በደላላ ይላከካል!» አሉ። አዴ ዞረው፣ «እኛም አለንበት ብያለሁ እኮ፣ አልሰማህም?» አሏቸው። ጭቅጭቁ ጦፈ። መድረክ መሪው ሰዓት አለቀ ብሎ እስኪለምን ድረስ ስለ ሽንኩርት ተጨቃጨቁ። ጽጌረዳው ጋ ሳንደርስ ቀረን።

ሻይ እረፍት ላይ አለቃዬ ሳምቡሳቸውን በሶፍት ይዘው ወደቆምኩበት መጡ። አንዴ ገምጠው አኘኩ።

«ፎርምሽ ቦርሳዬ ውስጥ ነው» አሉ ሲውጡ። «ገና አልፈረምኩትም።»

«አውቃለሁ ጋሼ።»

«ሰው ፊት እንዲህ አይደረግም።»

«እሱንም አውቃለሁ።»

ወደ አዳራሹ ውስጥ አዩ። አዴ ከነጋዴው ጋር ሻይ ይዘው አሁንም እየተከራከሩ ነው። ከእንግዶቹ ሁለቱ ቆመው ይሰሟቸዋል፤ አንደኛው ይጽፋል። አለቃዬ ያን አይተው ወደ እኔ ዞሩ። ፊታቸው ላይ ንዴት ይሁን ሳቅ አልለየሁትም።

«እስቲ አንድ ነገር እውነቱን ንገሪኝ። ያን ቀን፣ ስትቀጠሪ፣ ፓወርፖይንት ትችዪ ነበር?»

ያቺ ትንፋሽ መጣች። ቅንድቤ ሊነሳ ሲል ተሰማኝ። አየሩን መለስኩት።

«አልችልም ነበር» አልኳቸው ጮክ ብዬ። «አሁን እችላለሁ። በሚቀጥለው ስብሰባ ቁልፏን እርስዎ ይያዙልኝ፤ እኔ ‹ይቀጥሉ› እልዎታለሁ።»